መርዶው ሲነገር ካሜራው የት ነው? የሕክምና ድራማዎች በሚዛን ላይ

ደም በቴሌቪዥን ርካሽ ነው። ቀይ ሽሮፕ ይፈሳል፣ ማሽን ይጮኻል፣ ጋውን የለበሰ ሰው ይሯሯጣል፤ ይህን ማንም ያደርገዋል። ፈተናው የሚመጣው ደሙ ከተጠረገ በኋላ ነው። በሽተኛው ሞቷል፣ አስታማሚው በር ላይ ቆሟል፣ ሐኪሙ ጓንቱን አውልቆ ወደ እሱ እየሄደ ነው። ሰነፍ ድራማ እዚህ ጋ ሙዚቃውን ከፍ አድርጎ ወደ ሌላ ትዕይንት ይዘላል። የሚችለው አብሮ ይገባል፣ ካልሆነም በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ብቻ አይሸሽም።

እዚህ የቀረቡት ድራማዎች በዋናነት የተመዘኑት በዚህ ነው። ሞት፣ መደፈር፣ ራስን ማጥፋት ወይም የሐኪም ስህተት ከታየ በኋላ ያለው ጊዜ ለማን ተሰጠ? ለቤተሰቡ፣ ለነርሷ፣ ወይስ ለዋናው ገጸ ባሕርይ መልከ መልካም ፊት? (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የአንዳንዱ ታሪክ መጨረሻው ተነግሯል፤ አስቀድሞ ማወቅ የማይፈልግ ይጠንቀቅ።)

የአሜሪካው የድንገተኛ ክፍል ድራማ «ኢአር» ከ1994 እስከ 2009 በ15 ሲዝን፣ በ331 ክፍሎች ታይቷል። ፈጣሪው ማይክል ክራይተን ሕክምና የተማረ ሰው ነበር፤ ከጸሐፊዎቹም መካከል ሐኪሞች ነበሩበት። ይህ የሚታወቀው ገጸ ባሕርያቱ በሚወረውሯቸው የሕክምና ቃላት ሳይሆን በሚሠሩት ስህተት ዓይነት ነው። ማርች 9 ቀን 1995 የተላለፈው የመጀመሪያው ሲዝን 19ኛ ክፍል በዚህ ዘርፍ እስከ ዛሬ ከተሠሩት ሁሉ ይበልጣል ብንል አናፍርም።

መውለጃዋ የተቃረበ ሴት ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣብኛል ብላ ትመጣለች። ዶክተር ግሪን የፊኛ ኢንፌክሽን ነው ብሎ ይሸኛታል። ከሆስፒታሉ ሳትርቅ ያንቀጠቅጣታል። ፕሪኤክላምፕሲያ፣ ማለትም በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት በሽታ፣ ነበረባት፤ አሁን ወደሚያንቀጠቅጠው ኤክላምፕሲያ ተሻግሯል። ስህተቱ የሞኝ ስህተት አይደለም፤ የሚያስፈራውም ለዚህ ነው። ከ20ኛው የእርግዝና ሳምንት በኋላ የደም ግፊት 140/90 ሲደርስ ወይም ሲያልፍ፣ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝ፣ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም በቀኝ ጎድን ሥር ሕመም ሲኖር አስቀድሞ መታሰብ ያለበት ይህ በሽታ ነው። ሰው በሚጋፋበት ድንገተኛ ክፍል ግን የሽንት ነገር ሁሉ ኢንፌክሽን ይመስላል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው እያንዳንዱ ነገር የራሱ ምክንያት አለው። ለማንቀጥቀጡ ማግኒዥየም ሰልፌት ይሰጣታል፤ ትክክል ነው። (በተለመደው አሠራር መጀመሪያ ከ4 እስከ 6 ግራም በደም ሥር፣ ከዚያ በሰዓት ከ1 እስከ 2 ግራም ይሰጣል፤ የጉልበት ሪፍሌክስ ከጠፋ ወይም ትንፋሽ ከቀነሰ ወዲያው ይቆማል።) የማህፀን ሐኪሟ ትዘገያለች፤ ግሪን ራሱ ሊያዋልድ ይነሳል። የሕፃኑ ጭንቅላት ወጥቶ ትከሻው ይያዛል። አዋላጅ የሆነ ሰው ይህን ወንበሩን ጨብጦ ነው የሚያየው፤ የቀረው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነውና። የእናትየዋ ጉልበቶች ወደ ሆዷ ይታጠፋሉ፣ ከብልት አጥንቱ በላይ በመዳፍ ይጫናል፤ ማህፀኑን ከላይ ወደ ታች መግፋት ግን ትከሻውን ይበልጥ ይቀረቅረዋል። አይሳካም። ጭንቅላቱ ወደ ውስጥ ይመለስና እዚያው ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሆዷ ይከፈታል። የእንግዴ ልጁ ቀድሞ ተላቅቆ ኖሮ ደሙ አልቆም ይላል። ሕፃኑ ይተርፋል፤ እሷ ትሞታለች።

አሁን መርዶው። ባልየው ሕፃኑን ታቅፏል። ካሜራው ከመስታወቱ ወዲህ ይቀራል፤ ግሪን ገብቶ ሲነግረው እናያለን፣ ቃሉን አንሰማም። ያ መስታወት ብዙ ሥራ ይሠራል። ባልየውን ከተመልካች ዓይን ይጋርደዋል፤ ሐኪሙም አንደበተ ርቱዕ እንዲሆን ዕድል አይሰጠውም። ክፍሉ የሚዘጋው ግሪን በባቡር ወደ ቤቱ ሲሄድ ብቻውን እያለቀሰ ነው። የሚያጽናናው ሰው አልተጻፈለትም።

መርዶ መንገር ራሱን የቻለ የሕክምና ሙያ ነው። ከ2000 ጀምሮ በሰፊው የሚሠራበት ባለ ስድስት ደረጃ ቅደም ተከተልም አለው፤ ለብቻ የሆነ ቦታ ማዘጋጀት፣ ሰውየው እስካሁን ምን እንደሚያውቅ መጠየቅ፣ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ማረጋገጥ፣ በግልጽ ቃል መንገር፣ ስሜቱን መቀበል፣ ከዚያ ቀጣዩን መወያየት። ቴሌቪዥን ከእነዚህ ውስጥ የሚያሳየው አራተኛውን ብቻ ነው፤ እሱንም ያበላሸዋል። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ቆሞ «ልናተርፋት አልቻልንም» ይላል፣ ትከሻ ይነካል፣ ይሄዳል። ለስላሳ ቃል የሚከለከልበት ምክንያት ደግሞ ጭካኔ አይደለም። ልቡ የተሰቀለ አስታማሚ «አርፋለች» ሲባል ተኝታለች ብሎ ሊሰማው ይችላል። ስለዚህ ቃሉ «ሞታለች» ነው፤ ከዚያ ዝምታ። ዝምታውን የሚደፍር ዳይሬክተር ግን ጥቂት ነው።

«ኢአር»ም ሁልጊዜ እንዲህ ጎበዝ አልነበረም። በ2000 ስኪዞፍሬኒያ ያለበት በሽተኛ አንድ ሐኪምና አንዲት የሕክምና ተማሪ በቢላ የሚወጋበት ታሪክ እንደ ትሪለር አንደኛ ነው፤ ሙዚቃው እየጮኸ ጓደኞቻቸው ሳይሰሟቸው ወለል ላይ የሚወድቁበት ትዕይንት ከአእምሮ አይጠፋም። ችግሩ ከአእምሮ የማይጠፋው ነገር ምን እንደሆነ ነው። በእውነተኛው ዓለም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ጥቃት ከማድረስ ይልቅ ጥቃት የሚደርስበት ጊዜ ይበዛል፤ ተመልካቹ ይዞት የሚቀረው ግን ቢላውን ነው። በአንጻሩ ኤችአይቪ በደሟ የተገኘባት የሐኪም ረዳት ጂኒ ቡሌ ላይ የሠሩት ሥራ ይመሰገናል። ነገሩ በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፤ የቴሌቪዥን የኤድስ ታሪክ መቋጫው ቀብር በነበረበት ጊዜ። ጂኒ ግን ሥራዋን ቀጠለች፣ በ1999 በሕይወት ከድራማው ወጣች፣ በ2008 ተመልሳ ታየች። ያልሞተ በሽተኛ ማሳየት የዚያን ጊዜ ትልቅ ድፍረት ነበር።

ልብ ማነቃቃት ላይ ግን ሁሉም ይዋሻሉ። በ1996 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት «ኢአር»፣ «ቺካጎ ሆፕ» እና «ሬስኪው 911» ከተባሉት ፕሮግራሞች 97 ክፍሎችን አይቶ 60 የሲፒአር ትዕይንት ቆጠረ። ከተረዱት ውስጥ 75 በመቶው ወዲያው ተነሡ፤ 67 በመቶው ከሆስፒታል የወጡ ይመስሉ ነበር። በእውነቱ ሆስፒታል ውስጥ ልቡ ከቆመበት ሰው ቆሞ ወደ ቤቱ የሚሄደው በግምት ከአራት ወይም ከአምስት አንዱ ነው፤ ከሆስፒታል ውጭ ከሆነ ደግሞ አምቡላንስ ባለበት አገር እንኳ ከአሥር አንድ ገደማ።

አሠራሩም ውሸት ነው፤ ለዚህ ግን ይቅርታ ይገባቸዋል። ደረት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ሕያው ተዋናይ ላይ እንዲህ ቢጫን ጎድኑ ይሰበራል። ስለዚህ ክርናቸውን አጥፈው ከትከሻ በላይ ብቻ ይወዛወዛሉ፤ ክርን ከታጠፈ ያየነው ውዝዋዜ ነው። ይቅርታ የማይገባው ሌላው ነው። ሞኒተሩ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሲታይ በኤሌክትሪክ ይመታሉ። የኤሌክትሪክ ምት የሚረዳው ልብ ያለ ሥርዓት ሲርገበገብ ወይም ያለ ትርታ ሲጋልብ ነው፤ ቀጥ ላለ መስመር የሚደረገው ደረት መጫንና በየ3 እስከ 5 ደቂቃ 1 ሚሊ ግራም አድሬናሊን ነው። ይህን ያነሣነው ስህተት ለመልቀም ብለን አይደለም። አባቱ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ልጅ «የሚቻለውን ሁሉ አድርጉ» ሲል በዓይነ ሕሊናው ያለው ያ 67 በመቶ ነው።

ይህንን በትክክል የተረዳ ድራማ «ዘ ፒት» ነው። በጃንዋሪ 2025 የጀመረው የመጀመሪያ ሲዝኑ 15 ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ በፒትስበርግ የአንድ ድንገተኛ ክፍል ፈረቃ አንድ ሰዓት ነው። ማጀቢያ ሙዚቃ የለውም ማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት የኤሚን የምርጥ ድራማ ሽልማት ወስዷል። ሚስተር ስፔንሰር የተባሉ አዛውንት ቱቦ በጉሮሯቸው እንዳይገባ አስቀድመው በጽሑፍ ተናዘዋል፤ ወንድ ልጃቸውና ሴት ልጃቸው ግን አልሆንላቸው ብሎ ያስገቡባቸዋል። ድራማው ልጆቹን ክፉ አያደርጋቸውም፣ አዛውንቱንም በተአምር አያነሣቸውም። ቱቦው በመጨረሻ ሲወጣ ሐኪሙ ለልጆቹ ከሃዋይ የመጡ አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይሰጣቸዋል፤ እወድሃለሁ፣ አመሰግንሃለሁ፣ ይቅር ብዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ። አፉ ለተሳሰረ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ተግባራዊ ነገር ይዞ የመጣ የሕክምና ድራማ ብዙ አይደለም።

የአንጎል ሞትም እዚያው አለ፤ ፈንታኒል የተባለ እጅግ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ የተቀላቀለበት ክኒን የወሰደ ተማሪ። ሌሎች ድራማዎች ኮማንና የአንጎል ሞትን ያምታታሉ፣ «አንጎሉ ሞቷል» የተባለውን ሰው በሦስተኛው ክፍል ዓይኑን ያስገልጡታል። ምርመራው ጥብቅ ነው። የሰውነት ሙቀት 36 ዲግሪ ሴልሺየስና በላይ መሆን፣ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ከደሙ መውጣት አለበት። ከዚያ የዓይን ብሌን ለብርሃን፣ ዓይን ለንክኪ፣ ጉሮሮ ለቱቦ፣ ጆሮ ለበረዶ ውኃ የሚሰጡት ምላሽ ይታያል። በመጨረሻ ኦክስጅን እየተሰጠው ከመተንፈሻ ማሽኑ ይላቀቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ፤ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ደርሶ እንኳ ደረቱ ካልተንቀሳቀሰ ሞቷል። ለወላጅ ይህን ማመን ለምን እንደሚከብድ ግልጽ ነው፤ ልብ ይመታል፣ እጅ ይሞቃል፣ ደረት ከፍ ዝቅ ይላል። «ዘ ፒት» ለእነዚህ ወላጆች አንድ ትዕይንት ሳይሆን ብዙ ክፍሎች ሰጣቸው። በየመሃሉ ሌላ በሽተኛ ይታከማል፣ ተመልሰን ስንመጣ አሁንም እዚያው አልጋ አጠገብ ናቸው።

የጊዜ አያያዙ የሚጠቅመው ሌላም ቦታ አለ። ዋና ነርሷ ዴና በአንድ በሽተኛ ፊቷ ላይ ትመታለች። በሌላ ድራማ ቢሆን በሚቀጥለው ሳምንት ፊቷ ንጹሕ ነው። እዚህ ግን ሰዓቱ ስለማይዘል እብጠቱ እስከ ፈረቃው መጨረሻ አብሯት ይዞራል፣ ሥራውም አይቆምም። ሰው ሲሞት ሐኪሙ ሁሉንም አስቁሞ ለአፍታ ዝም የሚያስብለው ልማድም የጸሐፊ ፈጠራ አይደለም፤ በ2009 በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የጀመረ፣ ነርሶች ያስፋፉት አሠራር ነው። ጉድለቱ መጨናነቁ ነው። ባለሙያ በዓመት የሚያየው ሁሉ በአንድ ፈረቃ ይመጣል፤ አንዳንዴም ገጸ ባሕርያቱ ከመነጋገር ይልቅ ሴሚናር የሚሰጡ ይመስላሉ።

«ግሬይስ አናቶሚ» ሁለት ፊት አለው። ቦምብ፣ የጀልባ አደጋ፣ የሆስፒታል ተኩስ፣ የአውሮፕላን መከስከስ፤ አደጋው የተዋናይ መሰናበቻ እየሆነ ሲመጣ ሐዘኑም ይረክሳል። በ2018 የወጣ ጥናት ከ269 ክፍሎች 290 የአካል ጉዳት በሽተኞችን ለቅሞ ከአሜሪካ ብሔራዊ የጉዳት መዝገብ 4,812 ሰዎች ጋር አነጻጽሮ ነበር። በድራማው 22 በመቶ ሞቱ፣ በእውነቱ 7 በመቶ። የሚገርመው ግን የተረፉት ነገር ነው። በጽኑ ከተጎዱት የድራማው ሰዎች ግማሹ ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ወጡ፣ በእውነቱ 20 በመቶ ብቻ። ወደ ረዥም ጊዜ ማገገሚያ የሄዱት በድራማው 6 በመቶ፣ በእውነቱ 22 በመቶ። ወይ ትሞታለህ ወይ በእግርህ ትሄዳለህ ማለት ነው። በመሃል ያለው፣ ከጉዳት ጋር መኖርን መማር፣ ለካሜራ አይመችም።

ግን ያው ድራማ ማርች 28 ቀን 2019 የተላለፈውን የ15ኛውን ሲዝን 19ኛ ክፍል ሠርቷል። የተደፈረች ሴት ትመጣለች፤ ሁለት ሴት ሐኪሞች መረጃ ይሰበስባሉ። ጥቃቱ ራሱ አይታይም፤ ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው። የሚታየው ምርመራው ነው፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ፎቶ፣ የጥጥ መጥረጊያ፣ ጥፍር፣ ፀጉር፣ ልብስ። ትክክለኛው አሠራር ይኸው ነው። ሴትየዋ በማንኛውም ደረጃ በቃኝ ማለት ትችላለች፤ ልብሱ የሚገባው በወረቀት ከረጢት ነው እንጂ በፕላስቲክ አይደለም፣ ፕላስቲክ እርጥበት ይዞ ዲኤንኤውን ያበላሸዋልና። ክፍሉ ያሳጠረው ነገር ሰዓቱን ነው፤ እውነተኛው ምርመራ ሰዓታት ይወስዳል። ተመልካች ይዞት ቢወጣ የሚጠቅመው ደግሞ ይህ ነው፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ እርግዝና መከላከያው እስከ 120 ሰዓት ይሠራል፣ ሁለቱም ቶሎ ሲሆን ይሻላል። ገላን ሳይታጠቡ፣ ልብስ ሳይቀይሩ መሄድ ይመረጣል፤ ታጥባለችና አልፎባታል ማለት ግን አይደለም።

ከዚያ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ስትወሰድ የሆስፒታሉ ሴቶች ኮሪደሩን ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይጠብቋታል፤ ወንድ ፊት ማየት ስለፈራች። ብዙ ሰው ያለቀሰበት ትዕይንት ነው። እኛ ግን ቅሬታ አለን። ያ ሁሉ ሠራተኛ ምን እንደደረሰባት አወቀ ማለት ነው፤ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ የት ገባ? ውበቱ አይካድም፣ በእውነተኛ ሆስፒታል ግን ሁለት ሰው ኮሪደሩን ቢያስለቅቅ ይበቃ ነበር።

የድራማ አስተማሪነት ሲነሣ የሚጠቀሰው ቁጥርም ከ«ግሬይስ» ነው። በሜይ 2008 አንድ ክፍል ኤችአይቪ ያለባት እናት ተገቢውን ሕክምና ካገኘች ጤነኛ ልጅ የመውለድ ዕድሏ እጅግ ከፍተኛ መሆኑን በግልጽ አስረዳ። ካይዘር ፋሚሊ ፋውንዴሽን ተመልካቾችን ጠየቀ፤ ዕድሉ ከ90 በመቶ በላይ መሆኑን የሚያውቁት ከ15 ወደ 61 በመቶ ዘለሉ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ 45 በመቶ ሆኑ። ትክክሉ እንዲህ የሚሰርጽ ከሆነ ስህተቱም ይሰርጻል። «ሃውስ»፣ «ግሬይስ»፣ «ፕራይቬት ፕራክቲስ» እና የ«ኢአር» የመጨረሻ አምስት ሲዝኖች ላይ በ2010 የወጣ የካናዳ ጥናት በ327 ክፍሎች 59 የማንቀጥቀጥ ትዕይንት አግኝቶ ወደ ግማሽ በሚጠጋው የተሳሳተ እርዳታ ሲደረግ አይቷል፤ ይዞ መጫን፣ አፍ ውስጥ ነገር መክተት። የሚንቀጠቀጥ ሰው አይያዝም፣ አፉ ውስጥ ምንም አይገባም። ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ይደረጋል፣ በጎኑ ይዞራል፣ ሰዓት ይያዛል፤ 5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ።

ራስን ማጥፋት ላይ ስህተት ዋጋ ያስከፍላል። ከ1986 ጀምሮ የሚታየው የቢቢሲው «ካዥዋልቲ» በ1996 አንድ ሰው መድኃኒት አብዝቶ የሚወስድበትን ታሪክ አቀረበ። በ49 ድንገተኛ ክፍሎች የተሠራ፣ በ1999 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናት እንዳሳየው በመጀመሪያው ሳምንት ራሳቸውን በመመረዝ የመጡ ሰዎች በ17 በመቶ፣ በሁለተኛው በ9 በመቶ ጨመሩ። ክፍሉን አይተው ከተጠየቁት በሽተኞች 20 በመቶው ውሳኔያችን ላይ ተጽዕኖ አድርጓል አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ለፊልም ሠሪዎች ያወጣው መመሪያም ዋናው ነጥቡ ይኸው ነው፤ ዘዴው አይታይ፣ አንድ ምክንያት ብቻ አይለጠፍበት፣ እርዳታ ፈልጎ ያገኘ ሰውም ይታይ።

«ሃውስ» በአፕሪል 2009 ከሐኪሞቹ አንዱን፣ ከትነርን፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ራሱን በማጥፋት አጣ። ምርመራን ሁሉ የሚፈታው ሃውስ ምክንያት ፍለጋ ይባዝናል፤ ምክንያት አያገኝም። ሐኪሙ የማይፈታው እንቆቅልሽ ቢኖር ይህ ብቻ እንዲሆን መደረጉ የተከታታዩ ምርጥ ውሳኔ ነው። የቢቢሲው «ዚስ ኢዝ ጎይንግ ቱ ኸርት» ደግሞ በ2022 በሰባት ክፍል ብቻ ይበልጠዋል። ሽሩቲ የተባለችው ጀማሪ ሐኪም ፈረቃ በፈረቃ እየደከመች ስትሄድ ተመልካቹም እንደ ሥራ ባልደረቦቿ ቀልዱን እየሰማ ያልፋታል። ድርጊቱ አይታይም። ከዚያ በኋላ ያለው ክፍል ሙሉ በሙሉ ለቀሩት ነው፤ ማን ምን አላየም የሚለው።

ረዥሙን «በኋላ» የያዘው «ኮል ዘ ሚድዋይፍ» ነው። ለእርጉዝ ሴቶች ማቅለሽለሽ ይሰጥ የነበረው ክኒን ታሊዶማይድ በ1957 በምዕራብ ጀርመን፣ በ1958 በብሪታንያ ገበያ ገብቶ በ1961 መጨረሻ ከገበያ ወጣ፤ በዓለም ዙሪያ ከ10,000 በላይ ሕፃናት፣ ብዙዎቹ እጅና እግራቸው በትክክል ሳይፈጠር፣ ጉዳት ይዘው ተወለዱ። ድራማው በ2016 ይህን ሲያነሣ ክኒኑን በቅን ልቦና ያዘዘው የራሱ ተወዳጅ ሐኪም፣ ዶክተር ተርነር፣ እንዲሆን አደረገ። አካል ጉዳተኛዋ ሕፃን ሱዛንም የአንድ ክፍል እንግዳ ሆና አልቀረችም፤ በቀጣዮቹ ሲዝኖች ከነቤተሰቧ ተመልሳ ታየች።

ኮሜዲ እዚህ ምን ያደርጋል የሚል ካለ «ስክራብስ»ን ይመልከት። በ2006 አንድ ክፍል ከሞተች ሴት የተወሰዱ አካላት ለሦስት በሽተኞች ይተከላሉ፤ ሴትየዋ የሞተችው በእብድ ውሻ በሽታ መሆኑ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ሦስቱም ይሞታሉ። ታሪኩ በ2004 በአሜሪካ በእውነት ከደረሰ ነገር የተወሰደ ነው። ቀልደኛው ዶክተር ኮክስ ሲሰበር የሚያስደነግጠው ስንስቅ ቆይተን ስለሆነ ነው። ከሁሉ የቀደመው ግን የኮሪያ ጦርነቱ «ማሽ» ነው፣ ከ1972 እስከ 1983። ጣቢያው የተቀዳ ሳቅ ይጨመር ሲል ሠሪዎቹ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ አይሆንም አሉ፤ እዚያ ሳቅ የለም። ሌተና ኮሎኔል ሄንሪ ብሌክ የሚሞትበት፣ ማርች 18 ቀን 1975 የተላለፈው ክፍል ርዕሱ «አቢሲኒያ፣ ሄንሪ» ነው። ከእኛ ጋር ግንኙነት የለውም፤ በእንግሊዝኛ «እንገናኛለን» ከሚለው ጋር ድምፁ ስለሚመሳሰል የሚባል የስንብት ቀልድ ነው። ተዋናዮቹ የመጨረሻዋን ገጽ ያገኙት ሊቀረጽ ሲል ነበር። መርዶው ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ይነበባል፣ ሐኪሞቹም ከጭንብላቸው ሥር እያለቀሱ መስፋታቸውን ይቀጥላሉ።

ለማየት ያሰበ ሰው ድራማዎቹ መጀመሪያ ላይ የሚለጥፉትን «አንዳንድ ተመልካቾችን ሊረብሽ ይችላል» የሚል ጽሑፍ አይመን፤ ምን እንደሚረብሽ አይናገርም። በ2023 የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ትንታኔም እንዲህ ያለው ማስጠንቀቂያ ከማየት በፊት ያለውን ጭንቀት ከፍ ያደርጋል እንጂ ሲያዩት የሚሰማውን አይቀንስም ብሏል። ስለዚህ በግልጽ፦ በወሊድ ሰው ያጣ ወይም እርጉዝ የሆነች የ«ኢአር»ን 19ኛ ክፍል ትተው። ወላጁን በቅርብ የቀበረ ከ«ዘ ፒት» መጀመሪያዎቹን ክፍሎች ብቻውን አይይ። በዚያው ድራማ ከአጋማሹ በኋላ የጅምላ ተኩስ አለ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር እያሉ በሽተኛ መለየቱ በደንብ ስለተሠራ ነው የሚከብደው። የ2019ኙ «ግሬይስ» ጥቃቱን ባያሳይም ቁስሎቹን በቅርብ ያሳያል። «ዚስ ኢዝ ጎይንግ ቱ ኸርት» ደግሞ ለጀማሪ ሐኪምና ነርስ ከአዳር ተረኝነት ሲወጡ የሚታይ አይደለም፤ ተኝተው ተነሥተው፣ ከሥራ ባልደረባ ጋር ቢሆን ይመረጣል።